የጉዳት ዋጋ እንዴት ይለካል? የመድን ካሣ ግምት ታሪክ ባጭሩ

የመድን ውል እውነተኛ ፈተና የሚደርስበት ጉዳት በተፈጸመ ማግስት ነው። ውሉ ሲፈረምና አረቦን ሲከፈል ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው ይለያያሉ፤ ስምምነቱ የሚናጋው «ስንት?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው። ቤቱ መቃጠሉን፣ መኪናው መገልበጡን፣ ሸቀጡ በባሕር ውኃ መራሱን ዓይን ያየዋል። የጠፋው ነገር በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደሆነ ግን ዓይን አያየውም፤ ለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል። ይህም መለኪያ በአንድ ቀን የተገኘ ሳይሆን ነጋዴዎች፣ ዳኞችና የሒሳብ ሰዎች ከ260 ዓመታት በላይ ሲከራከሩበትና ሲያርሙት የኖሩት የልምድ ውጤት ነው።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ከጥንት እስከ ዛሬ አልተለወጠም። አንድ ሰው ንብረቱ ሲጎዳ ከሚደርስበት ኪሣራ ከፊሉ አደጋው ያመጣው ነው፤ ከፊሉ ግን የገበያ ዋጋ መውጣትና መውረድ የፈጠረው ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕቃ ላይ ተደራርበው ስለሚታዩ አንዱ ከሌላው በቀላሉ አይለይም። እንግዲህ የግምት ሥራ ታሪክ አደጋው ያጠፋውን ገበያው ካጠፋው የመለየት ጥረት ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የሐምቡርግ ስኳር

በዚህ ረገድ እንደ መሠረት የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1761 በለንደን የተፈረደ አንድ የስኳር ጉዳይ ነው። ጉዳዩ በሕግ መጻሕፍት ዘንድ በከሳሹና በተከሳሹ ስም «ሉዊስና ሩከር» እየተባለ ይጠራል። ችሎቱን የመሩት ከ1756 ጀምሮ የንጉሡ ችሎት ዋና ዳኛ የነበሩት ሎርድ ማንስፊልድ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ለንደን የባሕር መድን ታላቅ ገበያ ሆና ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት የሚሰበሰቡ ባለ ገንዘቦች ከውሉ ግርጌ ስማቸውን እየፈረሙ እያንዳንዳቸው ከአደጋው ድርሻ ይወስዱ ነበር። ይሁን እንጂ መድንና ውርርድ ለብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ቆይተዋል፤ መርከብም ሆነ ጭነት የሌለው ሰው በሌላው መርከብ መስጠም ላይ ገንዘብ ያስይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1745 በእንግሊዝ የወጣው ሕግ በብሪታንያ መርከቦችና በጭነታቸው ላይ የራሱ ጥቅም የሌለው ሰው መድን እንዳይገባ ከለከለ። በዚህም «ካሣ ለማን ይገባል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መሰጠት ተጀመረ። «ምን ያህል ይገባዋል?» የሚለው ግን ገና መልስ ይጠብቅ ነበር።

ለክርክሩ ምክንያት የሆነው ስኳር የተጫነው በካሪቢያን ባሕር ከምትገኘው ከሴንት ቶማስ ደሴት ሲሆን መድረሻው ሐምቡርግ ነበር። የአንዱ ትልቅ በርሜል ዋጋ 30 ፓውንድ እንዲሆን በመድን ውሉ ላይ ስምምነት ተደርጎበታል። መርከቡ ሐምቡርግ ሲደርስ ስኳሩ የባሕር ውኃ ነክቶት ተገኘ። የረጠበ ስኳር ስለማይቆይ ሳይውል ሳያድር መሸጥ ግድ ሆነ፤ አንዱም በርሜል 20 ፓውንድ ከ8 ፔንስ አወጣ። ስኳሩ ደኅና ሆኖ ቢደርስ ኖሮ በዚያው ጊዜና በዚያው ወደብ 23 ፓውንድ ከ7 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ያወጣ ነበር።

መድን ገቢው ያቀረበው ስሌት ቀላል ነበር። በውሉ የተስማማንበት ዋጋ 30 ፓውንድ ነው፤ እጄ የገባው 20 ፓውንድ ከ8 ፔንስ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ፣ ማለትም 9 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ ከ4 ፔንስ፣ ይከፈለኝ አለ። ከዚህም በላይ ዋጋው ከፍ እስኪል ድረስ ስኳሩን በመጋዘን ለማቆየት አስቦ እንደነበረ፣ ይህንንም ያከሸፈበት የውኃው ጉዳት መሆኑን አስረዳ።

መድን ሰጪው በበኩሉ ሌላ መንገድ አሳየ። በመጀመሪያ ደኅናው ስኳር በሐምቡርግ ከሚያወጣው ዋጋ ላይ የተጎዳው ያወጣው ይቀነስ፤ ልዩነቱ 3 ፓውንድ ከ7 ሽልንግ ነው። ይህ ልዩነት ከደኅናው ዋጋ ሲነጻጸር ከሰባት እጅ አንዱን እጅ ያህላል። ስኳሩ ከዋጋው አንድ ሰባተኛ ያህል አጥቶአል ማለት ነው። ስለዚህ በውሉ ከተወሰነው ከ30 ፓውንድ ላይ ይኸው እጅ ሲወሰድ የሚከፈለው ካሣ 4 ፓውንድ ከ6 ሽልንግ ገደማ ይሆናል። በአንድ በርሜል ላይ በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ርቀት ከእጥፍ የበለጠ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከነጋዴዎች መካከል የተመረጡት ፍርድ ሰጪዎች የመድን ሰጪውን ስሌት ተቀበሉ፤ ሎርድ ማንስፊልድና ባልደረቦቻቸውም ይህንኑ አጸኑ። ምክንያታቸው እስከ ዛሬ የሙያው ምሰሶ ሆኖ ይኖራል። መድን ሰጪው ዋስ የሆነው ስኳሩ ከባሕር አደጋ ተጠብቆ እንዲደርስ ነው፤ ስኳር በሐምቡርግ ይወደዳል ወይም ይረክሳል ብሎ ዋስ አልሆነም። የ30 ፓውንዱ ዋጋ ወደ 23 ፓውንድ የወረደው በገበያው ምክንያት ነው፤ ከ23 ወደ 20 የወረደው ግን በውኃው ምክንያት ነው። ነጋዴው ዋጋ ይወጣል ብሎ የያዘው ተስፋም የራሱ የንግድ ዕድል እንጂ በመድን የተሸፈነ ንብረት አይደለም።

ይህ ደንብ ለመድን ሰጪው ብቻ ያደላ የሚመስለው ካለ ነገሩን ገልብጦ ማየት ይበቃዋል። የደኅና ስኳር ዋጋ በሐምቡርግ 60 ፓውንድ ደርሶ ቢሆንና ስኳሩ ያንኑ አንድ ሰባተኛ ቢያጣ፣ መድን ሰጪው ከ30 ፓውንድ ላይ ያንኑ እጅ ይከፍል ነበር። የተጎዳው ስኳር ከ51 ፓውንድ በላይ ተሽጦ ነጋዴው ከውሉ ዋጋ በላይ ቢያገኝም እንኳ ካሣው አይቀርበትም። መለኪያው ለሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ገበያው ሲወጣም ሲወርድም አይናወጥም።

በዚህ ፍርድ ታሪክ ውስጥ የሙያው ሰዎች ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሎርድ ማንስፊልድ ነገሩን ሲያሰላስሉ በጉዳት ስሌት ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋር መነጋገራቸውን በፍርዳቸው ውስጥ ራሳቸው ገልጸዋል። ደንቡ የተገኘው እንግዲህ ከሕግ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ በወደብና በመጋዘን ሲሠራበት የቆየው የገማቾች ልምድ በዳኛ አንደበት ተነገረ እንጂ።

ከፍርድ ወደ ሕግ

አንድ ጥያቄ ግን ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። ደኅናው ከተጎዳው ጋር ሲነጻጸር የሚወሰደው ዋጋ የመርከብ ኪራይ፣ ቀረጥና የማራገፊያ ወጪ ሳይቀነስ ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ? እ.ኤ.አ. በ1802 የተወሰነው የጆንሰንና የሼደን ጉዳይ ወጪው ሳይቀነስ መሆን እንዳለበት ወሰነ።

የውሳኔው ጥበብ በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ደኅናው ዕቃ 100፣ የተጎዳው 50 ያወጣል እንበል፤ ወጪው ደግሞ ለሁለቱም 20 ይሁን። ወጪው ሳይቀነስ ሲሰላ ጉዳቱ ከመቶ 50 ነው። ወጪው ከተቀነሰ ግን ደኅናው 80፣ የተጎዳው 30 ስለሚሆን ጉዳቱ ከመቶ 62 ተኩል መስሎ ይታያል። ዕቃው ያው ነው፤ ጉዳቱም ያው ነው። ልዩነቱ የመጣው የተበላሸው ዕቃ የደኅናውን ያህል ኪራይና ቀረጥ በመሸከሙ ነው፤ ይህ ደግሞ በሸቀጡ ላይ በተገባው መድን ውስጥ የተጠቃለለ አይደለም። ስሌቱ ሲጠራ ውሉ የሸፈነውና ያልሸፈነው እንዲህ ይለያል።

ከ100 ዓመታት በላይ በፍርድ ሲጠራቀም የኖረው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1906 በወጣው የእንግሊዝ የባሕር መድን ሕግ ውስጥ በጽሑፍ ሰፈረ። የሐምቡርግ ስኳር ስሌት በከፊል የተጎዳ ሸቀጥ መለኪያ ሆኖ በዚሁ ሕግ ውስጥ ይገኛል።

በየብስ ላይ

በባሕር የተገኘው መለኪያ ወደ የብስ ሲሻገር ሌላ ችግር ገጠመው። ስኳር በየወደቡ ዋጋ አለው፤ ደኅናውንና የተጎዳውን ጎን ለጎን አድርጎ መሸጥ ይቻላል። ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1666 የለንደንን ከተማ ካወደመው ታላቅ ቃጠሎ በኋላ፣ በ1680ዎቹ መባቻ፣ ኒኮላስ ባርቦንና ባልደረቦቹ የቤት እሳት መድን ሥራ ጀመሩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የቤት ገማች የሆነ ሁሉ ከሦስት ዋጋዎች መካከል መምረጥ ይኖርበታል። አንደኛው ቤቱ ቢሸጥ የሚያወጣው ነው፤ ሁለተኛው ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ነው፤ ሦስተኛው ከማሠሪያው ወጪ ላይ የእርጅናው ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ሦስቱ አንድ ቁጥር የሚሰጡበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

እርጅናን የመቀነስ ልማድ በመሠረቱ ከመርከበኞች የመጣ ነው። የእንጨት መርከብ ሲጠገን አሮጌው ሳንቃ በአዲስ ስለሚተካ ባለ መርከቡ ከጉዳቱ በፊት ያልነበረውን ጥቅም ያገኛል። ስለዚህ ከጥገናው ወጪ ሲሶው ይቀነስ ነበር። ዛሬ የመኪና መለዋወጫ ሲተካ ስለ እርጅና ተቀናሽ ክርክር የሚያነሣ ደንበኛ ከመርከብ አናጢዎች ዘመን የቆየ ጥያቄ እያነሣ ነው።

ካሣ ከጉዳት እንዳይበልጥ የሚጠብቀው መርሕ ጎልቶ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1883 በካስቴሌንና በፕሬስተን ጉዳይ ነው። ባለ ቤቶቹ ቤታቸውን በ3,100 ፓውንድ ለመሸጥ ተዋውለው ሽያጩ ሳይፈጸም ቤቱ በእሳት ተጎዳ። መድን ሰጪው ሽያጩን ሳያውቅ 330 ፓውንድ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ገዢው ሙሉውን ዋጋ ስለ ከፈለ ባለ ቤቶቹ ከእሳቱ የተነሣ ያጡት ነገር አልነበረም። የይግባኝ ችሎቱም 330 ፓውንዱ ለመድን ሰጪው እንዲመለስ ፈረደ። ከዳኞቹ አንዱ ብሬት መድን ገቢው ሙሉ በሙሉ ሊካስ እንደሚገባው፣ ከሙሉ በላይ ግን ከቶ ሊካስ እንደማይገባው አስረዱ። ይህ አባባል ሁለት ስለት አለው። መድን ገቢው በጉዳቱ እንዳይበለጽግ ይከለክላል፤ መድን ሰጪውም ከሙሉው እንዳያጎድል ያስገድዳል። የመጀመሪያውን ስለት ብቻ የሚያስታውስ ገማች መርሑን በግማሽ ያውቀዋል።

የገማቹ ቦታ

ስሌቱ እየረቀቀ ሲሄድ ራሱን የቻለ ሙያ ተወለደ። በባሕር ጉዳት ስሌት የተሠማሩት የእንግሊዝ ባለሙያዎች ማኅበራቸውን እ.ኤ.አ. በ1869 አቋቋሙ። የእሳት ጉዳት ገማቾች ደግሞ የለንደን ከተማ በቦምብ በተደበደበችበት ዘመን፣ በ1941፣ ተደራጁ፤ በ1961ም ማኅበራቸው የንጉሣዊ ቻርተር ተሰጠው።

የዚህ ሙያ አስቸጋሪ ጠባይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ገማቹን የሚቀጥረውና የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ መድን ሰጪው ነው፤ የሚገምተው ግን የሌላውን ሰው ጥፋት ነው። ከዚህ ጠባብ መተላለፊያ የሚያወጣው ስሌቱን በግልጽ ማስቀመጥ ብቻ ነው። የሐምቡርጉ ነጋዴ ቢረታም እንኳ በምን ስሌት እንደ ተረታ ያውቅ ነበር፤ የትኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ በችሎት ተነግሮታልና።

መለኪያው በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያውያን ጉዳትን በመገመት እንግዳ አይደሉም። በገጠር ከብት የሰው አዝመራ ሲበላ ሽማግሌዎች ማሳው ድረስ ሄደው ያዩታል። ያልተነካውን አዝመራ መለኪያ አድርገው የተበላው ቦታ ምን ያህል እህል ይሰጥ እንደነበረ ይገምታሉ፤ ካሣውንም በዚያ ልክ ይቆርጣሉ። ደኅናውን ከተጎዳው ጋር ማነጻጸር ሎርድ ማንስፊልድ ካጸኑት ዘዴ ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑ ግልጽ ነው።

በዘመናዊ መልኩ መድን ወደ አገሪቱ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመው የአቢሲንያ ባንክ የውጭ አገር መድን ድርጅት ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን መስጠት ሲጀምር ነው። የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ተቋቋመ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. የግል መድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ አሥራ ሦስቱ ተጠቃለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሠረተ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ለግል ኩባንያዎች በሩን እንደገና ከፈተ። የሥራው ባለቤት በዚህ ሁኔታ ሲለዋወጥ ካሣ የሚለካበት ሕግ ግን በቦታው ጸንቶ ኖሮአል።

ይህ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የንግድ ሕግ ነው። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ሲሆኑ እርሳቸው ሲያርፉ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ስለ መድን የሚናገረው የቀድሞው ክፍል ሳይሻር ቀጥሎአል። በሕጉ መሠረት የንብረት መድን ውል የካሣ ውል ነው፤ የሚከፈለውም ካሣ ንብረቱ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም።

«ጉዳቱ በደረሰበት ቀን» የሚለው ሐረግ ዋጋ በረጋበት ዘመን ብዙ አያነጋግርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ግን ክብደቱ ታየ። 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ሁሉ፣ መኪናና መለዋወጫ ጭምር፣ ለዋጋ ንረት ተጋለጡ። ከዚያ በፊት የተፈረሙት ውሎች ግን የያዙት የድሮውን የገንዘብ መጠን ነበር።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ ሰው መኪናውን በ2,000,000 ብር መድን አስገብቶአል እንበል። አደጋ በደረሰበት ቀን የመኪናው ዋጋ 3,000,000 ብር ሆኖአል፤ የጥገናው ወጪም 600,000 ብር ነው። መድን የተገባው ለመኪናው ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ስለሆነ፣ በመድን ሥራ የተለመደው የተመጣጣኝነት ደንብ በውሉ ላይ ከተሠራበት መድን ሰጪው የሚከፍለው የጥገናውን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 400,000 ብር ነው። ቀሪው 200,000 ብር በባለ መኪናው ላይ ይወድቃል። መኪናው ጨርሶ ቢወድም ደግሞ የሚከፈለው ከ2,000,000 ብር አይበልጥም፤ በዚያ ገንዘብ ያንኑ የመሰለ መኪና አይገዛም።

በስሌቱ በኩል ስሕተት የለበትም። አረቦኑ የተከፈለው ለ2,000,000 ብር ነው፤ የቀረውን አደጋ ባለ ንብረቱ ራሱ ተሸክሞታል። ሆኖም ባለ ንብረቱ ይህን መሸከሙን የሚያውቀው መቼ ነው? ውሉን ሲፈርም ዋጋው ልክ ነበር። አረቦኑን በወቅቱ ከፍሎአል። ያላደረገው ነገር ቢኖር ገበያው ሲለወጥ ተመልሶ መጥቶ የመድኑን መጠን ማሳደግ ነው፤ ይህንንም ማድረግ እንዳለበት የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። የሐምቡርጉ ነጋዴ የገበያውን ዕድል ዐውቆ የተሸከመ ሰው ነበር። የዛሬው ባለ መኪና ግን የገበያውን አደጋ የሚሸከመው ሳያውቀው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የስሌት ሳይሆን የማስታወቅ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለሙያው ሰዎች የሚተርፍ ተግባራዊ ትምህርት አለ። አንደኛ፣ ግምቱ በገበያ ዋጋ ይሁን በመተኪያ ዋጋ ወይስ እርጅና ተቀንሶለት፣ ጉዳት ከመድረሱ በፊት በውሉ ላይ በማያሻማ ቃል መጻፍ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የገንዘብ ዋጋ ሲናወጥ የመድኑን መጠን እንዲያስተካክል ደንበኛውን ማሳሰብ ከውለታ የማይቆጠር የሥራው ክፍል ነው። ሦስተኛ፣ ካሣ ሲከፈል የመጨረሻው ድምር ብቻ ሳይሆን ስሌቱ ከነመነሻው ለተጎዳው ሰው በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል።

ማሳው ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች ግምታቸውን የሚናገሩት ባለ ከብቱም ባለ አዝመራውም ባሉበት ነው። ያልተነካውን አዝመራ ሁለቱም ያዩታል፤ የተበላውንም እንዲሁ። የተቆረጠው ካሣ ለአንዱ የበዛ፣ ለሌላው ያነሰ ቢመስል እንኳ በምን እንደ ተለካ ሁለቱም ዐውቀው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።